ደም የማያቀጥነው «ደም ማቅጠኛ»

ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ሌሊት ጸጥ ሲል ከደረቱ ውስጥ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማዋል። ቫልቩ በየምቱ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያሰማው ነው። ያ ድምፅ ሳይታፈን እንዲዘልቅ ዕድሜ ልክ በየቀኑ ዋርፋሪን መዋጥ ግድ ነው። ሰዉ «ደም ማቅጠኛ» የሚለው መድኃኒት ይኸው ነው።

ስሙ ግን ያሳስታል፤ ዋርፋሪን ደምን አያቀጥንም። ጉበታችን በቫይታሚን ኬ እየታገዘ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል፤ መድኃኒቱ ይህን ሥራ ያዘገያል። ደም ባዕድ ነገር ሲነካ መርጋት ይቀናዋል፤ ቫልቩም ባዕድ ነው። የረጋው ደም ቫልቩን ያንቃል፣ ወይም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያስከትላል። መድኃኒቱ ሲበዛ ደግሞ ደም መፍሰሱን አያቆምም። ሻጋታ የነካውን የመኖ ድርቆሽ በልተው እየደሙ ከሞቱ የሰሜን አሜሪካ ከብቶች በተነሣ ምርምር የተገኘው ይህ መድኃኒት በ1948 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለአይጥ መግደያነት፣ በ1954 ደግሞ ለሰው ሕክምና ዋለ። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው።

መጠኑን የሚነግረን አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን በማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። ሰው ሠራሽ ሚትራል ቫልቭ ላለው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3.5 ነው።

በአገራችን ቫልቭ የሚበላሸው በብዛት በልጅነት በደንብ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም በሚያመጣው ሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ስለዚህ ዋርፋሪን የሚወስዱት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል እስኪከፍት ድረስ ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው ባሕር ማዶ ነበር። ቀዶ ሕክምናው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ክትትሉ ግን ሕመምተኛውን ተከትሎ እስከ ጣና ዳር ይመጣል። ከደቅ ደሴት ለሚነሣ ሰው አንድ የደም ምርመራ የጀልባ ጉዞ ነው።

አይ ኤን አርን የሚያናውጠው አንዱ ነገር ጓዳ ውስጥ ያለ ነው። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ቫይታሚን ኬ የሞላባቸው ናቸው። በዓቢይ ጾም ጎመን በየቀኑ ይበላና አይ ኤን አሩ ይወርዳል፤ ፋሲካ ሲገባ ጎመኑ ቀርቶ ሥጋው ይተካል፣ ቁጥሩም ይወጣል። መፍትሔው ጎመን መተው አይደለም፤ በጾምም በፍስክም መጠኑን አለማዛነፍ ነው። ጾም ሊገባና ሊፈታ ሲል ምርመራውን ማስጠጋት ያዋጣል።

ሁለተኛው ሌላ መድኃኒት ነው። ለአሜባ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል አብዝቶ ያደማል፤ የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲን ያደክመዋል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራ መድማትን ይጋብዛሉ። ስለዚህ ለፋርማሲም፣ ለጥርስ ሐኪምም «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ማለት ያስፈልጋል። የባህል መድኃኒትም ከመወሰዱ በፊት ለሐኪም ይነገር። ዋርፋሪን ጽንስን ስለሚጎዳ፣ ለመውለድ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ በራሷ ግን አታቁመው።

ድድ ወይም አፍንጫ አልቆም ብሎ ሲደማ፣ ሰገራ እንደ ቅጥራን ሲጠቁር፣ ሽንት ሲቀላ፣ ከወደቁ በኋላ ብርቱ ራስ ምታት ሲመጣ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። አንድ ጎን ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር፣ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም የለመዱት ቀጭታ ሲታፈን ደግሞ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ሰዓት ሳያባክኑ ወደ ሆስፒታል ነው።

የተረሳ ክኒን በዚያው ቀን ሲታወስ ይዋጣል፤ በማግሥቱ እጥፍ አይወሰድም። ቀኑ፣ መጠኑና ቁጥሩ በአንዲት ደብተር ይመዝገብ። ቤተሰብም ደብተሯ የት እንደምትቀመጥ ይወቅ፤ ሕመምተኛው መናገር ባቃተው ሰዓት የምትናገርለት እሷ ናትና።