የካርቱም መብራት ከየት እንደሚመጣና ስለ ምን እንደሚጠፋ

የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ነጭ አባይና ጥቁር አባይ በሚገናኙበት ሥፍራ የተቈረቈረች ስለሆነች፣ መብራቷም ከደጇ ውኃ የሚገኝ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በከተማይቱ አጠገብ ወንዙ በሜዳ ላይ በዝግታ ስለሚፈስ ታላቅ መዘውር ለማዞር ኃይል የለውም። ስለዚህ አብዛኛው ኤሌክትሪክ ከሩቅ ግድቦች በሽቦ ተጕዞ ይመጣል።

በጥቁር አባይ ላይ የተሠራው የሰናር ግድብ በ1925 ሲፈጸም (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የታሰበው የጀዚራን የጥጥ እርሻ ለማጠጣት ነበር። በ1966 የተፈጸመው የሮሰይረስ ግድብ ግን ከመስኖ ሌላ ኤሌክትሪክ በማመንጨት ካርቱምን ለብዙ ዘመን አገለገለ። ይሁን እንጂ ክረምት በገባ ቍጥር ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ አፈርና ግንድ ተሸክሞ ስለሚደርስ፣ ደለሉ እንዲያልፍ የግድቡ በሮች ይከፈታሉ፤ የውኃውም ከፍታ ዝቅ ይላል። በዚህ ምክንያት ወንዙ በሞላበት ወራት መብራት ያንስ ነበር። የጎጃም ገበሬ ያጣው አፈር ለካርቱም ነዋሪ ጨለማ ሆኖ ይደርሰው ነበር ማለት ነው። በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከዚህ ደለል ብዙውን በላይ የሚያስቀር ነው።

ከካርቱም በስተሰሜን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የመረዌ ግድብ በ2009 ሲመረቅ 1,250 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ከዚያም ወዲህ ከጎንደር በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ የሚደርስ መስመር ተዘርግቶ ኢትዮጵያ ለጎረቤቷ ኃይል መሸጥ ጀመረች።

የአስተዳደሩም ነገር መዘንጋት የለበትም። መላውን ሥራ ይዞ የነበረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ2010 ፈርሶ ማመንጨት፣ ማስተላለፍና ማከፋፈል ለየኩባንያው ተከፋፈለ። የካርቱም ደንበኛ ሒሳቡን አስቀድሞ ከፍሎ በቈጣሪው የሚያስሞላ ቢሆንም፣ ዋጋው ከወጪው እጅግ ያነሰ ስለነበር ጉድለቱን መንግሥት ይሸፍን ነበር። በጃንዋሪ 2022 ታሪፉ በብዙ እጥፍ ሲጨመር፣ ውኃ በኤሌክትሪክ የሚስቡ የሰሜን ገበሬዎች ወደ ግብጽ የሚወስደውን መንገድ ዘጉ።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ የዋጋው ክርክር ተረሳ። ጦሩ በማርች 2025 ከተማይቱን መልሶ ከያዘ በኋላ የተመለሱት ነዋሪዎች በየሠፈሩ የትራንስፎርመሩ ሣጥን ተከፍቶ፣ የመዳብ ጥቅሉ ተነቅሎ፣ ዘይቱ ፈስሶ፣ ከመሬት በታች የተቀበረው ገመድ እንኳ ተቈፍሮ ተወስዶ አገኙት። ታላቁ ግድብ በርቀት ደኅና ቢሆን እንኳ፣ በመንገድ ዳር የቆመው ሣጥን ባዶ ከሆነ መላው ሠፈር ይጨልማል። ትራንስፎርመር ደግሞ ከገበያ እንደ አምፑል ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ አይደለም፤ በየመስመሩ ልክ ታዝዞ ከውጭ አገር የሚመጣ ነው።

የመብራት መጥፋት በመብራት ብቻ አያበቃም። በሜይ 2025 በኦምዱርማን የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች በሰው አልባ አውሮፕላን ሲመቱ የውኃ መግፊያዎች ቆሙ፤ ሕዝቡም ያልተጣራ ውኃ ከወንዝ እየቀዳ ለመጠጣት ስለ ተገደደ የኮሌራ በሽታ በረታ።

ገንዘብ ያለው በጣራው ላይ የፀሐይ ኃይል መቀበያ ሰሌዳ ሰቀለ፤ በአንዳንድ ሠፈርም ጎረቤቶች አዋጥተው የጕድጓድ ውኃ በፀሐይ ኃይል ያስወጣሉ። ባትሪ የሌለው ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ብርሃኑ አብሮ ይጠልቃል፤ ባትሪ ደግሞ ከሰሌዳው ይልቅ ይወደዳል።