ከፔሮል ወደ ጉሊት

«ለሰው ከምሠራ ለራሴ ልሥራ» ብላ ከቅጥር የወጣች ሴት በየሰፈሩ አለች፤ ጀበና ቡና የምታፈላው፣ ለሆቴል እንጀራ የምታስረክበው፣ ጉሊት የተቀመጠችው። ድፍረቷ ይወደስላታል። እኔ ግን ከድፍረቱ በፊት ሒሳቡ ይታየኛል፤ ደመወዟ ለቤት ኪራይና ለልጅ ጠባቂ ተከፍሎ ካለቀ፣ በሥራው መቆየት ራሱ ኪሳራ ነው።

በወረቀት ደረጃ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሴቶች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ችግሩ ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ማን የትኛውን ሥራ ያገኛል ከሚለው ላይ መሆኑ ነው፤ ስፌቱ ላይ እሷ፣ ቁጥጥሩ ላይ ብዙ ጊዜ እሱ። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢያነሳም፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ለዓመታት ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይወሰንላቸው ቆይተዋል።

ታዲያ መውጣቱ ያዋጣል? ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ይህን ኢትዮጵያ ውስጥ ፈትነውታል። በ5 ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ ወጣቶችን፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ በዕጣ ለዩአቸው፤ አንዱ ቡድን ተቀጠረ፣ ሌላው 300 ዶላር ገደማና የጥቂት ቀን የንግድ ሥልጠና አገኘ፣ ሦስተኛው እንዳለ ቀረ። ከዓመት በኋላ ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢያቸው ከሦስተኛው ቡድን በ33 በመቶ በልጦ ተገኘ። የተቀጠሩት ግን እንዳለ ከቀሩት ብዙም የተሻለ አላገኙም፤ አብዛኞቹም ሥራውን ለቀው ነበር። ይህን ብቻ ያነበበ «ንግድ ይሻላል» ብሎ ይደመድማል። ከ5 ዓመት በኋላ ሲታዩ ግን የቡድኖቹ ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር።

በዚያ ላይ 300 ዶላሩ በስጦታ የመጣ ነው። ሌላዋ መነሻዋን የምታገኘው ከዚያው ከሸሸችው ደመወዝ ነው። እሷ በሳምንት 300 ብር የሚጣልበት እቁብ ገባች፣ ወንድሟ የ500 ብሩን ገባ እንበል። አባሉ 20 ቢሆን፣ ዕጣው ሲወጣ ለእሷ 6,000፣ ለእሱ 10,000 ብር ይደርሳል። እሱ ሱቅ ሲያስብ እሷ ጀበናና ረከቦት ትገዛለች። የፔሮሉ ልዩነት በዚህ መንገድ የካፒታል ልዩነት ሆኖ ይከተላታል፤ ጀበና ቡና የሚበዛበት ሰፈር ደግሞ ትርፉ ቀጭን ነው።

ባንክ ስትሄድ መያዣ ትጠየቃለች፤ የቤቱ ካርታ ብዙ ጊዜ በአባት ወይም በባል ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጣሪነት ልማት ፕሮጀክት የነካው ይህን ቋጠሮ ነው። የቡድን ብድር የማይበቃቸው፣ ለባንክ ግን ያልደረሱ ነጋዴዎች በማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት በኩል በግል እንዲበደሩ ገንዘብ አቀረበ። በካርታ ፈንታ የተበዳሪዋን የመክፈል ዝንባሌ በመጠይቅ የሚለካ ፈተናም በዚሁ ፕሮጀክት ተሞክሯል።