ከገደልና ከባሕር መካከል

በእንግሊዝ አገር ከኤክሰተር ከተማ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በባቡር የሚጓዝ ቤተሰብ ልጆቹን በስተግራ መስኮት በኩል ቢያስቀምጥ ይመረጣል። በቅድሚያ የኤክስ ወንዝ ሰፊ አፍ ይታያል። ዳውሊሽ ሲደረስ ግን ሐዲዱ በቀዩ ገደልና በባሕሩ መካከል ይገባል። ከዚያ እስከ ቲንማውዝ አምስት ዋሻዎች አሉ፤ ባቡሩ ከጨለማ በወጣ ቁጥር ማዕበሉ ከመስኮቱ ሥር ብቅ ይላል። ደግሞም ይህ ለአገር ጎብኚ ብቻ የተዘጋጀ ባቡር አይደለም፤ ሕዝቡ ለሥራና ለትምህርት የሚመላለስበት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ውበት የተገኘው መሐንዲሱ ብሩኔል መስመሩን ለባሕሩ እጅግ አስጠግቶ ስለ ዘረጋው ነው። መስመሩ የተከፈተው በ1846 እ.ኤ.አ. ነው። ጉዳቱም የመጣው ከዚሁ ቅርበት ነው። በፌብሩዋሪ 2014 ሌሊት የተነሣ ማዕበል ግንቡን ናደው፤ አፈሩ ከሥሩ የተጠረገበት ሐዲድ እንደ ገመድ በአየር ላይ ተንጠለጠለ። ኮርንዎልን ከቀረው አገር የሚያገናኝ ሌላ የባቡር መስመር ስላልነበረ ሕዝቡ ሁለት ወር ያህል በአውቶቡስ ሲንገላታ ቆየ። ሠራተኞች ቀንና ሌሊት ደክመው ኤፕሪል 4 ቀን መልሰው ከፈቱት።

ከዚያ ወዲህ ከፍ ያለ አዲስ ግንብ ተሠርቷል። ቢሆንም በክረምት የሚሄድ መንገደኛ ከቤቱ ሳይወጣ የአየሩን ሁኔታ ቢጠይቅ ይበጀዋል።