ውዱ ሌንስ ምን ይጨምራል? ምንስ ያጎድላል?

ወርኃ ጥር ሲገባ የሠርግ ፎቶ አንሺ ፋታ የለውም። ከማለዳው ሙሽራዋ ቤት ይገኛል፤ ቀኑን ከሚዜዎች ጋር ሲሮጥ ይውላል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ደግሞ ዳስ ውስጥ ይገባል። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቀን ላይ ጥርት ያለ ምስል ሲሰጥ የዋለው ካሜራ ሁለት ሦስት አምፖል ብቻ የበራበት ዳስ ውስጥ ሲደርስ ምስሉ ይጠቁራል፤ አለዚያም አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፍላሽ ሲበራ ከፊት ያለው ሰው ይነጣል፤ ከኋላው ያለው ዘመድ ሁሉ በጨለማ ይዋጣል። በቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይዘው በቆሙ ሰዎች ፊት ላይ ፍላሽ ማብራትማ ከነውርም ይቆጠራል።

ባለሙያዎች ለዚህ ችግር መፍትሔ ሲፈልጉ ዓይናቸው የሚያርፈው ከካሜራው ይልቅ ከፊቱ በሚገጠመው ሌንስ ላይ ነው፤ በተለይም ፕራይም በሚባለው ላይ። ፕራይም ዙም የማያደርግ፣ የእይታ ስፋቱ የማይለወጥ ሌንስ ነው። ምስሉን ማቅረብ ወይም ማራቅ የፈለገ ሰው በእግሩ ወደፊትና ወደኋላ መራመድ ይኖርበታል። ስለዚህ ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንቆቅልሽ ይመስላል፤ የሚሠራው ሥራ ከዙም ያነሰ ኾኖ ሳለ ዋጋው ከካሜራው ሊበልጥ ይችላል።

ከአንድ አምራች የወጡ ሁለት ሌንሶችን ብቻ ማነጻጸር በቂ ነው። ካነን እ.ኤ.አ. በ2018 መስታወት አልባ ለኾኑት፣ በተለምዶ ሚረርለስ ለሚባሉት ካሜራዎቹ ባለ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.2 ሌንስ አወጣ። ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 2 ሺህ 300 ዶላር አካባቢ፣ ክብደቱ 950 ግራም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው አምራች ባለ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ አቀረበ፤ ዋጋው 200 ዶላር አካባቢ፣ ክብደቱ 160 ግራም። ሁለቱም 50 ናቸው። ከአንድ ቦታ ኾነው ቢያነሱባቸው የሚያሳዩት ስፋት ያው ነው። የመጀመሪያው ዋጋ ግን የሁለተኛውን ከዐሥራ አንድ እጥፍ በላይ ነው።

ልዩነቱ ያለው ኤፍ በሚለው ፊደል ጎን ባለችው ቁጥር ነው። ቁጥሯ የሌንሱን የብርሃን መግቢያ ስፋት ትናገራለች፤ ባነሰች ቁጥር መግቢያው ይሰፋል። 50 ለ1.2 ሲካፈል 42 ሚሊ ሜትር ገደማ ይኾናል፤ 50 ለ1.8 ሲካፈል ደግሞ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ። ትልቅ መስኮት ያለው ቤትና ጠባብ መስኮት ያለው ቤት እንደማለት ነው። ኤፍ 1.2 ከኤፍ 1.8 ከእጥፍ በላይ፣ ብዙ የሠርግ ፎቶ አንሺዎች ከሚይዙት ኤፍ 2.8 ዙም ደግሞ ከአምስት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል።

ይህ በዳሱ ውስጥ ምን ማለት እንደኾነ የሚታየው ጭፈራው ሲደምቅ ነው። በኤፍ 2.8 በሰከንድ አንድ አርባኛ የሚነሳ ምስል በኤፍ 1.2 በሰከንድ አንድ ሁለት መቶኛ አካባቢ ሊነሳ ይችላል። እስክስታ የሚወርድ ትከሻ በመጀመሪያው ጭጋግ ይኾናል፤ በሁለተኛው ቅርጹን ይዞ የመታየት ዕድሉ ሰፊ ነው። የዚህ ፍላጎት ዕድሜው ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን «ባሪ ሊንደን» የተሰኘ ፊልም ያዘጋጀው ስታንሊ ኩብሪክ በሻማ ብርሃን ብቻ ለመቅረጽ የተጠቀመው ለአሜሪካው የጠፈር ተቋም ለናሳ በተሠሩ ባለ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 0.7 የዛይስ ሌንሶች ነበር።

መስኮቱን ማስፋት በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በሰፊ ሌንስ ጠርዝ በኩል የሚገባን ብርሃን መሐል ከሚገባው ጋር አንድ ነጥብ ላይ ማገናኘት ግን አድካሚ ሥራ ነው። አንዱ መስታወት የፈጠረውን ስሕተት ሌላው ያርማል፤ የእርሱን ደግሞ ሌላ። በካነን ኤፍ 1.8 ውስጥ ያሉት መስታወቶች ስድስት ናቸው፤ በኤፍ 1.2 ውስጥ 15፣ ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ኤፍ 1.2 ውስጥ ደግሞ 17። ክብደቱም ዋጋውም የሚመጣው በዋናነት ከዚህ ነው።

ኤፍ 1.2 ሌንስ ከመስታወት አልባ ካሜራዎች በፊትም ነበረ፤ ካነን እ.ኤ.አ. በ2006 ለቀድሞዎቹ ካሜራዎቹ አንድ አውጥቶ ነበር። የዚያ ዘመን ተጠቃሚዎች ቅሬታ ግን ብዙ ነበር። በቀድሞው ካሜራ ሆድ ውስጥ ብርሃኑን ወደ ዓይን የሚመልስ መስታወት አለ። ፎከስ የሚለካውም ምስሉን በሚይዘው ክፍል ሳይኾን ከመስታወቱ ሥር በተቀመጠ ሌላ መለኪያ ነበር። ሁለቱ በጥቂቱ ከተዛነፉ ዓይን ላይ የተነጣጠረው ፎከስ ጆሮ ላይ ያርፋል። ኤፍ 4 ላይ የማይታወቅ ስሕተት ኤፍ 1.2 ላይ ምስሉን ያበላሸዋል። ስለዚህ ብዙዎች ውድ ሌንስ ገዝተው መግቢያውን አጥብበው ይሠሩበት ነበር፤ ይህ ሰፊ በር ያለው ቤት ሠርቶ በጓሮ እንደመግባት ነው።

መስታወቱ ሲወጣ ሁለት ነገር ተቀየረ። አንደኛው የሌንሱ መግጠሚያ ከምስል መያዣው ጋር መቀራረቡ ነው፤ በኒኮን 46.5 ሚሊ ሜትር የነበረው ርቀት ወደ 16፣ በካነን ደግሞ 44 የነበረው ወደ 20 ወርዷል። የኒኮን መግጠሚያ ውስጣዊ ስፋትም ከ44 ወደ 55 ሚሊ ሜትር አድጓል፤ ለሌንስ ሠሪዎች ትላልቅ መስታወቶችን ከኋላ የሚያስቀምጡበት ቦታ ተገኘ። ሁለተኛውና ተጠቃሚዎች አብዝተው የሚያነሱት ግን ካሜራው ፎከስ የሚለካው ምስሉን በሚይዘው ክፍል ላይ መኾኑ ነው። የሰውን ዓይን ለይቶ ይከተላል፤ ሙሽራዋ ስትራመድም አብሮ ይራመዳል። በእነዚህ ሌንሶች የሚሠሩ ሰዎች መግቢያውን ሙሉ በሙሉ ከፍተው በድፍረት ለመሥራት የቻሉት ከዚህ በኋላ እንደኾነ ይናገራሉ።

ምስጋናው ብዙ ነው። በሠርግ ልብሱ ላይ ያለው የጥልፍ ክር ሳይቀር ይቆጠራል፤ ከኋላ ያሉት አምፖሎች ወደ ለስላሳ የብርሃን ክቦች ይለወጣሉ። በውዶቹ ሌንሶች መገጣጠሚያ ላይ ያለው የጎማ መከላከያ የበጋን አቧራና የካፊያን ጠብታ ይቀንሳል፤ በ200 ዶላሩ ላይ ይህ የለም። ወቀሳውም አለ። የኒኮኑ ኤፍ 1.2 ክብደቱ 1 ሺህ 90 ግራም ነው፤ ካሜራውን ሳይጨምር አንድ ሊትር የታሸገ ውኃ አንገት ላይ አንጠልጥሎ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት መዋል ማለት ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው አቻው 778 ግራም በመኾኑ በዚህ በኩል ይመሰገናል። በጠንካራ የጀርባ ብርሃን ሲነሳ በነጭ ነጠላ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ብቅ ማለቱ ከሰፊ ሌንሶች ሙሉ በሙሉ ያልጠፋ ጠባይ ነው። አሁን አሁን መካከለኛው መንገድ ብዙ ሰው እየሳበ መጥቷል፦ የሶኒው ኤፍ 1.4 516 ግራም፣ የካነኑ 580 ግራም፣ የኒኮኑ 420 ግራም ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2023፣ ሁለቱ በ2024 የወጡ ናቸው።

ከክብደቱም ከዋጋውም በላይ ሊታሰብበት የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ። ሰፊ መስኮት ብርሃን ብቻ አያመጣም፤ ጥርት ብሎ የሚታየውን ስፍራም ያጠብባል። ባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ በ50 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 1.2 ከአንድ ሜትር ርቀት የሰው ፊት ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ሦስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሙሽራዋ ፊቷን በጥቂቱ ካዞረች አንዱ ዓይኗ ይጠራል፤ ሌላው ይደበዝዛል። ከሦስት ሜትር ርቀት እንኳ ስፍራው ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም።

አንድን ሰው ከዓለም ሁሉ ነጥሎ ለማሳየት ይህ ውበት ነው። የእኛ ሠርግ ግን የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ሲስሙ ከወላጆቹ ጀርባ አያት አሉ፤ ከአያት ጎን ከሩቅ አገር የመጣ አጎት አለ፤ በር ላይ የጎረቤት ልጆች ይንጠራራሉ። ኤፍ 1.2 ላይ የተነሳው ምስል የሙሽራውን ዓይንና የእናቱን ጉልበት ያሳይና አያትን ወደ ነጭ ደመና ይለውጣቸዋል። ምናልባት ያ ምስል አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር የተነሱት የመጨረሻው ፎቶ ሊኾን ይችላል። የደበዘዘውን ፊት ኮምፒውተር ከቶውኑ በእውነት አይመልሰውም፤ በዘመኑ መተግበሪያ ቢሞከር እንኳ የሚወጣው መልክ በግምት የተሣለ ነው።

ብዥታው የባለሙያ ሥራ ምልክት ተደርጎ መቆጠሩ ነገሩን አባብሶታል። በስልክ ላይ ያለው ጀርባን የማደብዘዝ አገልግሎት ደንበኛውን አስለምዶታል፤ «ጀርባውን አጥፋልን» የሚል ጥያቄ ለፎቶ አንሺው አዲስ አይደለም። ስልኩ ግን የሚያደበዝዘው በስሌት ነው፤ የነጠላን ጥለትና የሹሩባን ጫፍ አብሮ ሲቆርጥ ይታያል። ሌንሱ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም፤ ነገር ግን ማን መቅረት እንዳለበት፣ ማን መታየት እንዳለበት አያውቅም። ያን የሚወስነው ቀለበቱን የሚያዞረው ሰው ነው።

ለግዢ የሚያስብ ባለሙያ ከዚህ ተነስቶ ራሱን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ሥራው በአብዛኛው ቀን ቀን፣ ሜዳ ላይ፣ ብዙ ሰው ሰብስቦ ማንሳት ከኾነ መግቢያውን ወደ ኤፍ 5.6 ማጥበቡ አይቀርም፤ እዚያ ላይ የ200 ዶላሩና የ2 ሺህ 300 ዶላሩ ሌንስ ያነሱትን ምስል በአልበም ላይ መለየት አዳጋች ነው። ውዱ ገንዘቡን የሚመልሰው ከፍተው ሲሠሩበት ብቻ ነው። ካሜራው ባለ ሙሉ ፍሬም ካልኾነም ሌላ ስሌት ይመጣል፦ በትንሹ ምስል መያዣ ላይ 50 ሚሊ ሜትር እንደ 75 ወይም እንደ 80 ኾኖ ይሠራል፤ በጠባብ ሳሎን ውስጥ ወደኋላ የሚራመዱበት ቦታ ያሳጣል።

ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው ደግሞ የስልኩን መብራት በአንዱ በኩል አብርቶ በሌላው በኩል ቢመለከት መልካም ነው። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየ ሻጋታ ነው፤ ክረምቱን እርጥበት ባለበት ሳጥን ውስጥ ያሳለፈ ሌንስ ጠባይ ነው። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ግን ምስል ስለማያበላሽ ዋጋ ለመቀነሻ ካልኾነ በስተቀር አያሳስብም።

ለደጋሾቹም የሚኾን ነገር አለ። የቤተሰቡ ጠቅላላ ፎቶ ሳይመሽ፣ ደጅ ላይ ቢነሳ ሦስት ረድፍ የቆመ ዘመድ ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ባለሙያው መግቢያውን ለማጥበብ የሚያስችል ብርሃን ያገኛልና። መሽቶ በዳስ ውስጥ ከኾነ ግን ፎከስ እንደ ግድግዳ ከካሜራው ፊት ለፊት የተዘረጋ መኾኑን ማስታወስ ይጠቅማል። ከአራት ሜትር ርቀት በኤፍ 1.2 ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት አንድ ክንድ ገደማ ነው። አራት ወይም አምስት ሰዎች አንዱ ከሌላው ሳይቀድም በአንድ መስመር ጎን ለጎን ከቆሙ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይገባሉ፤ አያት ደግሞ ወንበራቸው ወደፊት ተስቦ ከመስመሩ እኩል ከተቀመጡ የእርሳቸውም ዓይን ይታያል።