ከደጋ ተነሥቶ በቆላ የሚያርፍ መንገደኛ፦ የካቢን ግፊትና የጉዞ ምቾት

የአየር ጉዞ ምቾት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው የመቀመጫው ስፋት፣ ምግቡና መስተንግዶው ነው። የካቢኑ አየር ግፊት ግን ከእነዚህ ባልተናነሰ የመንገደኛውን ድካምና ሕመም ይወስናል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ግፊት በምቾት ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ማስረዳትና፣ ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ በዚህ ረገድ ከሌላው በምን እንደሚለይ ማሳየት ነው።

አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ሲበር የውጭው አየር እጅግ ስስ ስለሆነ ወደ ካቢኑ የታመቀ አየር ይገባል። ሆኖም ግፊቱ እስከ ባሕር ወለል ልክ ከፍ አይደረግም፤ የውስጡና የውጩ ልዩነት በሰፋ ቁጥር የአውሮፕላኑ አካል የሚሸከመው ጫና ይበረታልና። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደንብ በመደበኛ በረራ የካቢኑ ግፊት በ8,000 ጫማ (2,438 ሜትር) ከፍታ ካለው እንዳያንስ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2007 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት 502 ፈቃደኞችን ረጅም በረራን በሚመስል ሁኔታ ፈትኗል። ከ7,000 እስከ 8,000 ጫማ ባለው ደረጃ የደም ኦክሲጅን ሙሌት በ4 በመቶኛ ነጥብ ያህል ቀንሷል፤ ከ3 እስከ 9 ሰዓት ቆይታ በኋላም አለመመቸት የተሰማቸው ሰዎች በርክተዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 አካሉ በአብዛኛው ከካርቦን ፋይበር የተሠራ በመሆኑ ከፍ ያለ ግፊት ይሸከማል፤ ስለዚህ የካቢኑ ግፊት በ6,000 ጫማ ካለው አያንስም።

የጥናቱ የማነጻጸሪያ ከፍታ ግን 650 ጫማ ነበር። የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው በ2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ደንቡ የሚፈቅደው እጅግ ስሱ የካቢን አየር የአዲስ አበባ ነዋሪ በየዕለቱ ከሚተነፍሰው ብዙም አይለይም። ስለዚህ ለዚህ መንገደኛ ዋናው ፈተና ሽቅብ መውጣቱ ሳይሆን ቁልቁል መውረዱ ነው።

ስሌቱ ይህን ያሳያል። በቦሌ ያለው የአየር ግፊት 763 ሄክቶፓስካል ገደማ ሲሆን፣ እንደ ጂዳና ዱባይ ባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች 1,013 ገደማ ነው። ጭማሪው 250፣ ማለትም የመነሻው አንድ ሦስተኛ ያህል ይሆናል። የካቢኑ ግፊት በ8,000 ጫማ ልክ (753 ገደማ) ከሆነ ጭማሪው በሙሉ በማረፊያው ሰዓት ላይ ይከማቻል። በ6,000 ጫማ ልክ (812 ገደማ) ሲሆን ግን አንድ አምስተኛው ከመውረድ አስቀድሞ ያልቃል።

ጭማሪው በቅድሚያ የሚሰማው በጆሮ ነው። መካከለኛውን ጆሮ ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ አየር ለማስወጣት በቀላሉ ይከፈታል፤ ለማስገባት ግን መዋጥ ወይም ማዛጋት ይፈልጋል። ቱቦው ካልተከፈተ የጆሮ ታምቡር ወደ ውስጥ ተገፍቶ ያማል። ጉንፋን የያዘው ሰው፣ የተኛ መንገደኛና ሕፃን ይበልጥ ይቸገራሉ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። መውረድ ሲጀመር መንቃት፣ ውኃ መጎንጨት ወይም ማስቲካ ማኘክ፣ ሕፃንን ጡት ማጥባት ይጠቅማል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የመረጃ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የምትበር ወጣት ጆሮዋን ለምን እንዳመማት ካላወቀች ሕመሙ ላይ ፍርሃት ይደረብባታል። በመሆኑም መውረድ ከመጀመሩ በፊት በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች የሚነገር አጭር ማብራሪያ ሕመምንም ጭንቀትንም ሊቀንስ ይችላል። ከዚህ ባሻገር፣ ከቆላ መነሻ የተገኘ የምቾት መለኪያ ለደገኛ መንገደኛ እንዳለ ሊወሰድ ስለማይገባ፣ ከደጋ ከተሞች የሚነሡ መንገደኞችን መነሻ ያደረገ ምርምር ያስፈልጋል።