ማራገቢያ የሌላቸው ጡረተኞች

በጠርሙስ መሙያ መስመር፣ በነዳጅ ማደያ፣ በትኬት መሸጫ ማሽን ሆድ ውስጥ ማንም ልብ የማይለው ትንሽ ኮምፒውተር ይኖራል። ብዙውን ጊዜ ስክሪንም ኪቦርድም የለውም። ሌት ተቀን አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል፤ የሚታወሰውም ሥራው የቆመ ዕለት ነው። ዋናው ማሽን በአዲስ ሲተካ እሱም አብሮ ይነቀላል፤ ሳይበላሽ፣ ጌታው ጡረታ ስለወጣ ብቻ። ቁራሌው እጅ ቢገባ በአልሙኒየሙ ኪሎ ይመዘናል። ኤሌክትሮኒክስ የሚወድ ሰው ግን ካቻቪቴ ያነሣል።

ክዳኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚገርመው ንጽሕናው ነው። ማራገቢያ ስለሌለው አየር አይስብም፤ ዓመታት የሠራ ቦርድ እንኳ ብዙ አቧራ አይዝም። ዋናው ቺፕ በግራጫ ለስላሳ ንጣፍ በኩል ከሣጥኑ ጋር ተጣብቋል፤ ሙቀቱን የሚያወጣው ሸንተረር የበዛበት ሣጥኑ ራሱ ነው። ስለዚህ ክዳኑን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ማሠራት ቺፑን እንደ መግደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ደረጃ የወጣለት «ፒሲ/104» የተባለው ቤተሰብ ደግሞ ጠፍጣፋ ሣጥን አይወድም። 90 በ96 ሚሊ ሜትር የሆኑ ቦርዶች በ104 የብረት እግሮች እየተያያዙ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራሉ። ንዝረት እንዳያላቅቃቸው በአራቱም ማዕዘን በብሎን ይታሰራሉ።

ኃይል የሚበሉት ጥቂት ነው። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ጂኦድ ኤልኤክስ 800 በ500 ሜጋኸርትዝ ሲሠራ የፍጆታው ልክ 0.9 ዋት መሆኑ ከስሙ ጋር ተጽፎለት ነበር። የእኔን ልብ ይበልጥ የሚማርከው ግን የኃይል መግቢያው ነው። በብዙዎቹ ላይ «ከ9 እስከ 36 ቮልት ዲሲ» የሚል ጽሑፍ ይታያል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያለ ኢንቨርተር ከመኪና ወይም ከሶላር ባትሪ በቀጥታ ይነሣል። ጽሑፉ 12 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን ይቆይ። ባለ 12 ቮልት የተባለ ባትሪ እየተሞላ ሳለ ከ14 ቮልት በላይ ይወጣል።

ወደ ውስጥ የሚያስገባው በር ባለ ዘጠኝ እግሩ ሲሪያል ፖርት ነው። ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ ማብራት፣ ከዚያ መጠበቅ። የሚመጣው ትርጉም የሌለው የፊደል ቆሻሻ ከሆነ ፍጥነቱ አልገጠመም ማለት ነው፤ 9600፣ 19200፣ 38400፣ 115200 እያሉ መሞከር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን ያቃጥላል። ለትንንሽ ቦርዶች የተሠራው ርካሽ የዩኤስቢ መለወጫ 3.3 ቮልት ነው የለመደው፤ ይህ ፖርት ግን ከፖዘቲቭ 12 እስከ ኔጋቲቭ 12 ሊወዛወዝ ይችላል። የሚገዛው መለወጫ አርኤስ-232 የሚል መሆን አለበት።

ፖርቱ ጸጥ ካለ ጥፋቱ የአንዲት ሳንቲም የምታህል ባትሪ ሊሆን ይችላል። ሲአር2032 ስትደክም ማሽኑን የሚያስነሣው ባዮስ ቅንብሩን ይረሳና «ኤፍ1 ተጫን» ብሎ ይቆማል፤ ኪቦርድ በሌለው ማሽን ላይ! በቴስተር ሲለካ ከ3 ቮልት በጣም የወረደውን መቀየር ነው።

ማከማቻው ብዙ ጊዜ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ነው። ካርዱ የድሮውን ሃርድ ዲስክ ቋንቋ ስለሚናገር በርካሽ አስማሚ ይነበባል። ምንም ከመነካቱ በፊት ሙሉ ቅጂው ይወሰድ፤ ለቦርዱ ልዩ የሆነ ድራይቨር ሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል። የቀድሞው ባለቤት የይለፍ ቃል ከተገኘ ግን ይደምሰስ፤ የሰው ነው።

እውነተኛው ችግር ሶፍትዌሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 የተባለው ሲስተም ጂኦድ ኤልኤክስን ትቶታል፤ ምክንያቱም ቺፑ አንዲት ትእዛዝ ስለማያውቅ ነው። ያቺ ትእዛዝ ደግሞ ምንም አትሠራም፤ «እለፈው» ከማለት በቀር። ጤነኛ ሃርድዌር በዚህ ምክንያት ሲጣል ማየት ያናድዳል። ኔትቢኤስዲ የተባለው ሲስተም ግን ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሽማግሌዎች አሁንም በሩን አልዘጋም። በካርዱ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ኤክስፒ ይዞ ኢንተርኔት ላይ መውጣት ግን አይሞከር፤ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2014 ቆሟል።

ለምን ይጠቅማል? ቪዲዮ ለማየት አይሆንም። የውኃ ታንከር ከፍታ ለመከታተል ግን ተፈጥሮው ነው። አርኤስ-485 የተባለው መስመር በሁለት ሽቦ እስከ 1200 ሜትር ይደርሳል፤ ፓምፑ ከቤት ቢርቅም ዳሳሹን ያነባል። ቦርዱ ላይ «ዋችዶግ» የሚባል ሰዓትም አለ። ፕሮግራሙ በየጊዜው «አለሁ» ካላለው ማሽኑን ራሱ አጥፍቶ ያስነሣል። አዲስ ሲስተም የተጫነበት ሣጥን በየሁለት ደቂቃው እየጠፋ ቢነሣ ታዲያ አይጣል፤ «አለሁ» የሚለው አጥቶ ነው። ባዮስ ውስጥ ገብቶ ሰዓቱን ማጥፋት፣ አለዚያም መላሹን ፕሮግራም መጫን ነው።