የሚወርድ ጌም ከመግዛታችን በፊት

ዛሬ የምንነጋገረው ልጆቻችን በእጃቸው ይዘው ለሚጫወቱባት ኒንቴንዶ ስዊች ከኢንተርኔት ስለምንገዛው ጌም ነው።

በቅድሚያ የምንገዛው ምን እንደሆነ እንወቅ። በካርድ የተገዛ ጌም ሲሰለች ይሸጣል፣ ለጎረቤት ልጅም ይሰጣል። የሚወርደው ግን ከገዛንበት አካውንት ጋር የታሰረ የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ መልሶ መሸጥ የለም። ሱቁም ሊዘጋ ይችላል። የዚሁ ኩባንያ የቀድሞ መጫወቻ በሆነው ስሪዲኤስ ላይ ጌም መግዛት እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ቀርቷል። እናም ቅናሽ በመጣ ቁጥር አሥር ጌም ማውረድ ብክነት ይመስለናል።

በአውሮፓ የሚሠራበት ፔጊ የተባለው ምልክት 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 ብሎ ዕድሜን ያመለክታል። ቁጥሩ ስለ ይዘቱ እንጂ ስለ ጌሙ ክብደት አይናገርም። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ምን እንደሚወጣ ሳይታወቅ የሚከፈልበት «ሣጥን» ያለበት ጌም ይህንኑ የሚገልጽ ማሳሰቢያ ይጻፍበታል። ልጁ ይከፍላል፣ ዕጣውን ይጠብቃል። ይህ ከቁማር ምን ያህል ይርቃል? «በነፃ» ከሚወርዱት ብዙዎቹ ገቢያቸው በውስጣቸው ከሚሸጡት ነገር ስለሆነ እነርሱን ይበልጥ እንመርምር።

የመሞከሪያ ቅጂ ካለው መጀመሪያ እርሱን አውርደን ከልጁ ጋር እንየው። ለብቻ የሚጫወቱት ጌም መሣሪያው ሲተኛ ባለበት ይቆማል። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር የሚደረገው ግን አይጠብቅም። አዛን ሲሰማ «ይህቺን ብቻ ልጨርስ» የሚል ልጅ ሁልጊዜ እምቢተኛ ሆኖ አይደለም፤ መሐል ላይ ቢወጣ ይሸነፋል፣ ጓደኞቹንም ያስቀይማል። እኛ ብንሆን ወንድምና እህት በአንዲት መሣሪያ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚጫወቱትን እናስቀድማለን።